የጠበሉ ምስክር

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አላት ዶክተር መሳፍንት አልጋው አጠገብ እንደ ቆመ።

የኔአለም አፏን ከፈተች። ቃል ከማውጣቷ በፊት ግን ከአልጋው ግርጌ የተቀመጠችው አመተ ሥላሴ ቀደመቻት።

«ምን መድኃኒት ታውቅና! ጠበል ነው እንጂ። ኪዳነ ምሕረት ናት ይዛ ያቆመቻት፤ እኛ አገር አማኑኤል ሄደው ይጠይቁ።»

ዶክተሩ ወደ አመተ ሥላሴ ዞር አላለም። ገና ወጣት ነው፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ዓይን አለው። «እርስዎን ነው የጠየቅሁት፣ ወይዘሮ የኔአለም።»

«እሷ እንዳለችው ነው» አለች የኔአለም።

«ረፋዱ ላይ ቀዶ ጥገና ክፍል እናስገባዎታለን። የሐሞት ከረጢትዎ ጠጠር ሞልቶታል፤ ከረጢቱን እናወጣዋለን። እንዲህ ያለው ጠጠር ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ሲከሳ ይመጣል። በምን እንደከሱ ማወቅ የፈለግሁት ለዚህ ነው።»

«በጾም በጸሎት ነዋ» አለች አመተ ሥላሴ።

የኔአለም የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣቶቿ ታሻለች። «ከመግባትዎ በፊት ተመልሼ እመጣለሁ» አለና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

የሐምሌ ዝናብ የሆስፒታሉን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። የኔአለም ዓይኗን ጨፈነች። እሷ አልዋሸችም፤ ሌላ ሰው ሲዋሽላት ዝም አለች እንጂ። ይህን ዝምታ ግን ዛሬ አልጀመረችውም።

ከአማኑኤል እስከ ደምበጫ ሰርግ የደገሰ፣ ተዝካር ያወጣ ሰው ሁሉ የኔአለምን ያውቃታል። ወጥ ቤት ናት። ልጁን የሚድር አባት የሰርጉን ቀን ከመቁረጡ በፊት የኔአለም ለዚያ ቀን አለመያዟን ያጣራል። ዳሱ ሳይጣል፣ በሬው ሳይታረድ፣ እሷ ሦስት ጉልቻ መርጣ ብረት ድስቷን ትጥዳለች። ቁሌቱ እየቀላ ሲሄድ ከማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ትቀምሳለች፣ ታማስላለች፣ ደግሞ ትቀምሳለች። ሰውነቷም ከሥራዋ ጋር አብሮ አደገ። ድሮ ይህ ነውር አልነበረም። እናቷ ከገበያ ሲመለሱ ከላይ እስከ ታች አይተዋት «እሰይ፣ ሥጋ ለበስሽልኝ» ይሏት ነበር፤ ያ ምርቃት እስከ ዛሬም ጆሮዋ ውስጥ አለ። ደምበጫዎች ደግሞ «ቀጭን ወጥ ቤትና ራሰ በራ ፀጉር አስተካካይ አይታመንም» እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ እሷም ከሳቁት ጋር ትስቃለች።

ሳቁ ያበቃው አምና በስቅለት ነው። ሰው ሁሉ ግቢውን ሞልቶ ሲሰግድ እሷም ወደቀች፤ መነሣት ግን አቃታት። ጉልበቷ እንደ ዛገ ማጠፊያ ቆልፎ ያዛት። ሁለት ሴቶች በብብቷ ገብተው አነሷትና ከዛፉ ሥር፣ መስገድ ከተሳናቸው ባልቴቶች ጋር ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። ዓይናቸው የፈዘዘ አንዲት እናት ክንዷን ዳበሱና «አንቺስ ስንቱን ሸኘሽ እኅቴ፣ እኔ እንኳ እኩዮቼን ጨርሻለሁ» አሏት። የኔአለም ሃምሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። ያን ቀን ስግደቱ እስኪያልቅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተቀመጠች።

ከፋሲካ በኋላ እዚሁ ማርቆስ መጥታ አንድ ክሊኒክ ገባች። የእህቷ ልጅ ሂዊ፣ አዲስ አበባ የውበት ዕቃ የምትሸጠው፣ ስለ መክሻ መርፌ በስልክ ነግራት ነበርና ሐኪሙን ልትጠይቀው አስባለች። ቃሉን መንገድ ላይ ስታጠናው ነው የመጣችው። ሐኪሙ ግን ቆሞ ነበር ያነጋገራት። ጉልበቷን ጫን ጫን አደረገና «ክብደት ይቀንሱ» አላት። «በምን?» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። በሩ ላይ ቀጣዩ በሽተኛ ቆሟል፤ በሽተኛ የምታስገባው ልጅ ሆዷን አይታ ከንፈሯን ነክሳለች። የኔአለም ጥያቄዋን እንደያዘች ወጣች።

«እትዬ፣ ሐኪም ምን ያደርግልሻል?» አለች ሂዊ በስልክ። «እዚህ ቦሌ ያለ ሰው ሁሉ ይወጋዋል። ምግቡን ሆድሽ ውስጥ ያቆየዋል፤ ለዚያ ነው የማይርብሽ። በቃ ይኸው ነው።»

እስክሪብቶ የመሰለው መርፌ በረዶ በተሞላ ፔርሙስ ውስጥ ሆኖ በአውቶቡስ መጣ፤ ሲያልቅ ሌላ ትልካለች። የኔአለም ማቀዝቀዣዋ ውስጥ ከቅቤው ጣሳ ጀርባ ደበቀችው። በየእሁዱ ከቅዳሴ ስትመለስ በሯን ዘግታ ሆዷ ላይ ትወጋለች። በዚያው ሰሞን ደግሞ ለጉልበቷ ብላ ከጎረቤቷ ከአመተ ሥላሴ ጋር ጠበል ጀመረች። አመተ ሥላሴ የማኅበር እኅቷ ናት፤ ስኳር አለባት፤ ኪኒኗን ትውጣለች፣ ጠበሏንም ትጠመቃለች። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ እየተንቀጠቀጡ ከጠበሉ ይወጣሉ፤ አንዷ የሌላዋን ጀርባ በጋቢ ታሻለች።

ረሃቡ እንደ ተጣላ ጎረቤት ደጇን መርገጥ ተወ። መጀመሪያ ደስ አላት። ቆይቶ ቁሌት ሲሸታት ያቅለሸልሻት ጀመር። ደምበጫ አንድ ሰርግ ላይ መቅመስ አቅቷት አጋዦቿን «እስቲ ቅመሱት፣ ዛሬ ምላሴ ተበላሽቷል» አለቻቸው፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልቀመሰችው ወጥ ለሰው ቀረበ። ቀሚሶቿ ሰፉ። ሰው ማሾክሾክ ጀመረ፤ ያን ክፉ በሽታ የጠረጠረም አልጠፋ። ዘንድሮ ስቅለት ግን ከሰው እኩል ወደቀች፣ ከሰው እኩል ተነሣች፤ እስኪመሽ ሰገደች። ያን ቀን እንባዋ መሬቱን አራሰው። የማን ሥራ እንደሆነ ራሷንም አልጠየቀችም።

በግንቦት ኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ አልቆ ሰው በግቢው እንደ ቆመ የንስሐ አባቷ አባ ወልደ ሰንበት አዩዋት።

«እስቲ የኔአለምን እዩልኝ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አምና ድንጋይ ላይ ነበረች። በምን ዳንሽ ልጄ?»

የኔአለም አፏን ከፈተች።

«በጠበሉ!» አለች አመተ ሥላሴ ከጎኗ፤ እልልታውንም ለቀቀችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። ከእልልታ በኋላ መርፌ የሚያነሣ አፍ ከየት ይምጣ? የኔአለም «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ያም ውሸት አልነበረም። ሰዉ ግን የሚፈልገውን ሰማ። ከሳምንት በኋላ ከደምበጫ በባጃጅ፣ ከቁይ በሚኒባስ፣ ጀሪካን ያንጠለጠለ ሰው መምጣት ጀመረ። «ጠበሉ ያዳናት ወጥ ቤት የታለች?» ይላሉ። እሷ በጓሮ መንገድ መሄድ ለመደች።

ከዚያ ነው ሕመሙ የመጣው፤ ከቀኝ ጎድኗ ሥር ተነሥቶ ትከሻዋን የሚወጋ ሕመም። ይህ አልጋ ላይ የጣላትም እሱ ነው።

«የኔአለም፣ ተኝተሻል?» አለች አመተ ሥላሴ።

«የለም።»

ሰማያዊ ጋወን የለበሰች ሴት አልጋው አጠገብ ቆማለች። የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ አለች። «መቼ ነው የበሉት?»

«ትናንት ቀን። ሽሮ ፍትፍት ነው። ከዚያ ወዲህ ውኃም አልቀመስሁ።»

«ጥሩ። ሆድዎ ባዶ መሆን አለበት። በማደንዘዣ ተኝተው ሳለ ምግብ ከሆድ ተመልሶ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው ደጋግመን የምንጠይቀው።» ደረቷን አዳመጠች፣ አፏን አስከፍታ ጉሮሮዋን አየችና ሄደች።

ሴትዮዋ ከበሩ እንደ ወጣች የኔአለምን አገሳት። ነጭ ሽንኩርት። የትናንቱ ሽሮ። ምላሷ ቢበላሽም ወጥ ቤት ናትና አልሳተችውም፤ ያ ምግብ አልሄደም፣ እዚያው ነው። ምግቡን ሆድሽ ውስጥ ያቆየዋል ብላ ነበር ሂዊ። መርፌውን ደግሞ ሕመሙ ሳይነሣባት፣ እሁድ ዕለት ወግታዋለች።

ለዶክተሩ ልትነግረው ትችላለች። ተመልሼ እመጣለሁ ብሏል። ግን አመተ ሥላሴ እዚህ ናት፤ አባ ወልደ ሰንበትም መንገድ ላይ ናቸው። ዛሬ እዚህ ክፍል የተባለ ነገር ነገ አማኑኤል ነው። «በስመ ኪዳነ ምሕረት ያታለለች» ይሏታል። ማን ለተዝካሩ ይጠራታል? ማን የሠራችውን ይጎርሳል? አንዴ ብቻ ዝም ብላ ብታልፍስ? ከወጣች በኋላ መርፌውን ትጥለዋለች፤ ማንም ሳያውቅ። ብዙ ሰው እያገሳው ገብቶ ይወጣ የለም?

አመተ ሥላሴ የውኃ ጠርሙሷን አንደቅድቃ ጨረሰችው። ከነጋ ሁለተኛዋ ነው። «ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ አፌ ይደርቃል» አለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሻሸች። የአውራ ጣቷ ጎን ቆስሎ አብጧል፤ ጨርቅ ጠምጥማበታለች።

«ይሄ ቁስል መቼ ነው?»

«ቆይቷል። አይድን አለ እንጂ።»

የኔአለም በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «ኪኒንሽስ?»

«የቱ? የስኳሩ? እሱንማ ከግንቦት ኪዳነ ምሕረት ወዲህ ትቼዋለሁ።» አመተ ሥላሴ እንደ ጥሩ ወሬ ነው የነገረቻት። «በአንድ አፍ ሁለት ነገር አይለመንም ብዬ። እኔ እኮ እምነቴ ግማሽ ነበር የኔአለም፤ ባንድ እጄ ኪኒን፣ ባንድ እጄ ጠበል። አንቺን ሳይ አፈርሁ። አንቺ ምን ወሰድሽ?»

የኔአለም ጨርቁን ታያለች። ከጨርቁ ሥር ጣቱ ጠቁሯል።

በሩ ተከፈተ። ሁለት ሠራተኞች ተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ገቡ። ከኋላቸው አባ ወልደ ሰንበት ዝናብ የጠጣ ጋቢያቸውን እያራገፉ፣ ከእሳቸውም ኋላ ዶክተር መሳፍንት።

«እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉ አባ፤ መስቀላቸውን ከጨርቁ ፈቱ። «ደርሼብሻለሁ፤ ሳልባርክሽማ አትገቢም።»

«አሁን እንነሣለን» አለ ዶክተሩ። «ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎ። ያልነገሩኝ ነገር አለ? አባም አስታማሚዋም ቢፈልጉ ትንሽ ወጣ ይበሉልን።»

አመተ ሥላሴ ልትነሣ ጫማዋን ፈለገች። አባም ወደ በሩ መለስ አሉ።

«አይውጡ» አለች የኔአለም። «ይስሙ። መርፌ እወጋለሁ።»

«የምን መርፌ?»

«የመክሻ።»

ተሽከርካሪውን የያዘው ሰው አመተ ሥላሴን አያት። አመተ ሥላሴ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ እንዳስገባች ቀረች።

«መቼ ነው የመጨረሻው?» አለ ዶክተሩ።

«እሁድ።»

«ማን አዘዘልዎ?»

«ማንም። ከፋሲካ እስከ ፋሲካ፣ ከዚያም ወዲህ ወግቼዋለሁ። ጠበሉንም ተጠምቄያለሁ፣ እሱን አልዋሸሁም። የከሳሁት ግን በመርፌው ነው። የትናንቱ ሽሮ አሁን ያገሳኛል፤ አልወረደም።»

ዶክተሩ ለሠራተኞቹ እጁን አወዛወዘ። «መልሱት። አናስገባም።» የማደንዘዣ ባለሙያዋን አስጠራ። ትንሿን አልትራሳውንድ ይዛ መጣች፤ የኔአለም ሆድ ላይ ቀዝቃዛውን ቅባት አፍስሳ መሣሪያውን አንሸራተተችና ስክሪኑን ወደ ዶክተሩ አዞረችለት።

«ሆዷ ሙሉ ነው» አለች ሴትዮዋ። ለየኔአለም ሳይሆን ለራሷ የምትናገር ትመስላለች። «ላስተኛት ነበር እኮ።»

«ብገባ ምን እሆን ነበር?» አለች የኔአለም።

«አላውቅም» አለ ዶክተሩ። «ምናልባት ምንም። ምናልባትም አስከሬንዎን ለአባ አስረክብ ነበር።»

የአመተ ሥላሴ ወንበር ባዶ ነው። መቼ እንደ ወጣች ማንም አላያትም። ይዛው የመጣችው የጠበል ጀሪካን ወንበሩ ሥር ቀርቷል።

«ጠዋት ጠይቄዎ ነበር» አለ ዶክተሩ።

«ጠይቀውኛል።»

«ቀድሞ ነገር፣ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ቢያማክሩስ ምን ነበረበት? መድኃኒቱ ራሱ ኃጢአት የለውም። የሚያስፈልገው ሰው አለ። እርስዎም ከነዚያ አንዷ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። መጠኑን የሚቆጣጠር፣ በፍጥነት ሲከሱ ሐሞትዎን የሚያይ ሰው ያስፈልግ ነበር እንጂ።»

«ልጠይቅ መጥቼ ነበር፤ አምና፣ ሌላ ሐኪም ጋ። ቆሞ ነበር የሚያነጋግረኝ። የቆመ ሰው ይህን አይጠየቅም።»

ዶክተር መሳፍንት ራሱን አየ። ከዚያ የአመተ ሥላሴን ወንበር ሳበና ተቀመጠ። «እሺ። ይኸው ተቀመጥሁ። ይጠይቁኝ።»

ዓመት ሙሉ የተሸከመችው ጥያቄ አሁን ሲፈለግ ብትንትኑ ወጣ። «ብተወው ሥጋው ይመለሳል?»

«ሊመለስ ይችላል። ብዙ ሰው ላይ ይመለሳል።»

«ጉልበቴስ?»

«ክብደቱ ከተመለሰ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። እውነቱን እንድነግርዎ ከፈለጉ ይኸው ነው። አሁን መርፌውን ያቆማሉ። ሆድዎ ባዶ መሆኑን ስናረጋግጥ ቀዶ ጥገናውን እንሠራለን። ከዳኑ በኋላ ይመጡና ይቀጠል አይቀጠል፣ በምን መልክ፣ አብረን እንወስናለን። ብቻዎን ግን አይደለም። ከእህትዎ ልጅ ጋርም አይደለም።»

«ስትቀምሺ ያቅለሸልሽሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለች የኔአለም። «ወጥ ቤት ነኝ እኮ።»

«እሱንም እንነጋገርበታለን።»

አባ ወልደ ሰንበት እስካሁን መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመዋል። የኔአለም ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም።

«አባ፣ ይቆጡኝ።»

«እቆጣለሁ» አሉ አባ። «ግን ከራሴ ልጀምር። በሰው ሁሉ ፊት በምን ዳንሽ ብዬ የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለው ለብቻ ነበር የሚጠየቅ። ጥያቄው በአደባባይ ስለሆነ መልሱም በአደባባይ ነው። ድነሽ ስትመጪ እዚያው ግቢ ቆመሽ ትናገሪያለሽ። እኔም ከጎንሽ እቆማለሁ።» መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፉ። «ኪዳነ ምሕረት እንደሆነች በመርፌ አትቀናም። ኪኒን ጣሉ ብዬም አስተምሬ አላውቅም።»

«አመተ ሥላሴ ጥላለች» አለች የኔአለም። «የስኳሯን። በእኔ ምክንያት።»

ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሣ። የኔአለም ግን እግሯን ከአልጋው አወረደች። «እኔ ልሂድ። እናንተ ብትሄዱ አትሰማም።»

ግሉኮሷ የተሰቀለበትን ብረት እየገፋች ወጣች። አመተ ሥላሴ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ናት፤ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ዝናቡን ታያለች። የኔአለም ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ለእኔ እንኳ?» አለች አመተ ሥላሴ ሳትዞር። «ጀርባሽን በጋቢ እያሻሁ፣ ለእኔ እንኳ?»

«እልል ስትዪ ፈራሁ።»

«አሃ፣ በእልልታዬ ልታሳብቢ ነው።»

«የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ቁይ ድረስ እየደወልሁ ሰው ጠርቻለሁ። ይኸው በዓይኔ አይቻታለሁ እያልሁ።» ነጠላዋን ጎትታ አፏን ሸፈነች። «ሲስቁብኝ አይታይሽም?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። በአደባባይ።»

«ትነግሪያለሽ እንጂ። እኔን ከጎንሽ እንዳትፈልጊኝ።»

ዝናቡ በረታ። አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ሽማግሌ ሰው አወረደ። የኔአለም የአመተ ሥላሴን ባዶ እግር አየች፤ ጨርቁ ረጥቧል።

«እግርሽን አሳዪው። የፈለግሽውን በዪኝ፣ እግርሽን ግን አሳዪው።»

«ኪኒኑን ብተው ምን ሆንሁ? ይኸው በሕይወት አለሁ።»

«እኔም ከአንድ ሰዓት በፊት በሕይወት ነበርሁ፤ ሬሳዬ ሊወጣ ነበር።»

አመተ ሥላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከስታ የወደቀውን ጉንጯን፣ እጇ ላይ የተለጠፈውን ቱቦ። ልትነሣ ብላ ተንገዳገደች፤ የግሉኮሱን ብረት ይዛ ቆመች።

«የስኳር ክፍሉ የቱ ጋ ነው?»

«ከወዲያ ማዶ መሰለኝ።»

«ነይ ምሪኝ። ይህን ስልሽ ታርቄሻለሁ ማለቴ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

በበረንዳው ሄዱ። አመተ ሥላሴ አንድ እርምጃ ቀድማ እያነከሰች፣ የኔአለም ብረቱን እየገፋች። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ነርስ የአመተ ሥላሴን ጣት ወጋች፣ ደሟን መሣሪያው ላይ ነካች፣ የወጣውን ቁጥር አየችና ፊቷ ተቀየረ። ቁስሉን ፈታ ስታይ ደግሞ ዶክተር እንዲጠሩላት ሰው ላከች።

«እናቴ፣ ኪኒንዎን ይወስዳሉ?»

የኔአለም አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። አመተ ሥላሴ ወደ እሷ ዞር ብላ አየች፤ ቆይታ ፊቷን ወደ ነርሷ መለሰች።

«ትቼው ነበር» አለች።